ከክብደት መቀነሻ ሰርጀሪ በኋላ ፊታችሁ ምን ይሆናል? ከዝግጅት እስከ ሁለተኛው ዓመት

ሰርጀሪው የሚሠራው ጨጓራ ላይ ነው። ፊት አጠገብ ማንም አይደርስም። ግን ሰው ለውጡን ቀድሞ የሚያየው ፊት ላይ ነው። ሆድና ጭን በልብስ ይሸፈናል፤ ፊት መደበቂያ የለውም። ብዙ ሰው ለወገቡና ለክንዱ ተዘጋጅቶ ይገባል፤ ወራት ሲያልፉ መስታወት ፊት ቆሞ "ይሄ ማነው?" ይላል። ስኳሩ ወርዷል፣ ደረጃ ሲወጣ አያለከልክም፣ ሱሪው ሰፍቶታል። ፊቱ ግን ዕድሜ የጨመረ ይመስላል።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። ፊት የራሱ የጊዜ ሰሌዳ አለው። በጣም የሚከፋው መሃል ላይ፣ ኪሎው በፍጥነት በሚወርድበት ወቅት ነው። ያኔ የምታዩት ፊት የመጨረሻው ፊታችሁ አይደለም። ስለዚህ በዚያ ወቅት መርፌም ሆነ ቢላ የሚጠይቅ ውሳኔ አትወስኑ። ደግሞም "ከስቼ እኮ ነው" ተብሎ የሚታለፍ ለውጥ ሁሉ ክሳት አይደለም። አንዳንዱ የቫይታሚን እጥረት ነው። አንዳንዱ ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው። ሁለቱን መለየት መቻል አለባችሁ።

አንደኛ፦ ፊት ላይ የሚሆነውን ተረዱ

የፊት ስብ አንድ ወጥ ንጣፍ አይደለም። በየቦታው ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነው፤ ሮሪክና ፔሳ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይተዋል። ከፊሉ ከቆዳ ሥር ወዲያው ይገኛል። ሌላው ጠለቅ ብሎ፣ ከጡንቻ በታች፣ አጥንት አጠገብ ነው። ላይኛው ፊትን ያለሰልሳል። የታችኛው ጉንጭን ከሥር ደግፎ ይይዛል። ክብደት ሲወርድ ሁለቱም ይቀንሳሉ።

ስብ መቀነሱ ብቻውን አያስረጅም። ችግሩ ቆዳው ነው። ቆዳን ጠንካራ የሚያደርገው ኮላጅን ነው፤ ተለጥጦ እንዲመለስ የሚያደርገው ደግሞ ኢላስቲን ነው። ለዓመታት ተለጥጦ የኖረ ቆዳ እነዚህ ክሮች ተጎድተውበታል። ስለዚህ ከውስጥ ያለው ሲያንስ እኩል አይሰበሰብም። ትልቅ የትራስ ልብስ ውስጥ ትንሽ ትራስ ስትከቱ የሚሆነው ነው፤ ጨርቁ ይተርፋል፣ የተረፈውም ወደ ታች ይወርዳል።

ከላይ ወደ ታች እንሂድ። ከቅንድብ ጫፍ እስከ ጆሮ ያለው የግንባር ጎን ጎድጎድ ይላል። ይህን ቦታ ማንም አያስተውለውም፤ ግን ፊትን የታመመ የሚያስመስለው በአብዛኛው እሱ ነው። ከዓይን ሥር ያለው ይገባል፣ ጥላ ይጥላል፣ እንቅልፍ ያጣችሁ ያስመስላል። ጉንጭ ይጠፋጠፋል። ከአፍንጫ ጎን ወደ አፍ ጥግ የሚወርደው መስመር ይጠልቃል። ከአፍ ጥግ ወደ አገጭ የሚወርድ ሌላ መስመር ይወጣል፤ ሳይከፋችሁ የከፋችሁ ያስመስላል። የመንጋጋው መስመር ላይ ግራና ቀኝ ትንንሽ የረገበ ቆዳ ይንጠለጠላል። አንገት ላይ ቆዳው ይላላል፤ ከአገጭ ወደ ደረት የሚወርዱ ሁለት ቋሚ መስመሮች ይታያሉ፤ እነሱ የአንገት ጡንቻ ጠርዞች ናቸው። የጆሮ ጫፍ ሳይቀር ይሳሳል። አፍንጫ የተለቀ ይመስላል። አላደገም፤ ጉንጩ ሸሽቶት ነው።

ደጉንም እንናገር። ከአገጭ ሥር ያለው እጥፍ ይጠፋል። የጉንጭ አጥንትና የመንጋጋ መስመር ብቅ ይላሉ። አንገት ይረዝማል። የኢንሱሊን አሠራር ሲስተካከል አንገት ዙሪያ የነበረው የጠቆረና የወፈረ ቆዳ ይነጣል። ሌሊት ትንፋሽ እየተቆረጠባቸው ይተኙ የነበሩ ሰዎች ጠዋት የነበረባቸው የፊት እብጠት ይቀንሳል። የእንቁላል እጢ ችግር የነበረባቸው ሴቶች ላይ ብጉርና የአገጭ ፀጉር ሊቀንስ ይችላል። አንድ ፊት በአንድ ጊዜ ጤነኛም ያረጀም ሊመስል ይችላል። ሰው ግራ የሚጋባውም ለዚህ ነው።

የሰርጀሪው ዓይነትስ ለውጥ ያመጣል? በተዘዋዋሪ። ስሊቭ የሚባለው ከጨጓራው አራት አምስተኛ ያህሉን ቆርጦ ያወጣል። ባይፓስ ጨጓራውን ያሳንስና ከትንሹ አንጀት ወደ ታች ካለው ክፍል ጋር ያገናኘዋል። በስሊቭ ሰዎች ከመነሻ ክብደታቸው ሩብ ያህሉን፣ በባይፓስ ደግሞ ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ይቀንሳሉ። ፊትን የሚወስነው የቀነሰው መጠንና ፍጥነቱ ነው። "የኦዜምፒክ ፊት" የሚሉት ነገርም ከዚህ የተለየ አይደለም። ኦዜምፒክ ለስኳር የሚወጋ፣ ሰዎች ለመክሳትም የሚጠቀሙበት መድኃኒት ነው፤ ፊትን ፈልጎ አይበላም። በፍጥነት የከሳ ፊት በምንም ይክሳ መልኩ ያው ነው።

ከባድ የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ፦ ዕድሜያቸው ከ40 ያለፈ፣ ብዙ ኪሎ የሚቀንሱ፣ የሚያጨሱ፣ ፀሐይ ላይ ብዙ የዋሉ፣ የወር አበባቸው የቆመ ሴቶች። የዘር ነገርም አለበት። የ25 ዓመት ልጅ ቆዳ በአብዛኛው ይሰበሰባል። የ55 ዓመት ሰው ቆዳ ጥቂት ይሰበሰብና ይቆማል።

ሁለተኛ፦ ከሰርጀሪው በፊት የሚሠሩ ሥራዎች

ፎቶ ተነሱ። ይህን የምለው ለማስታወሻ ብቻ አይደለም። በኋላ የቆዳ ወይም የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም ጋር ብትሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የድሮ ፎቶ ነው። እናንተም በየቀኑ መስታወት እያያችሁ የምትፈርዱት ፍርድ አይታመንም።

አነሳሱ እንዲህ ነው። ነጭ ግድግዳ አጠገብ ቁሙ፣ መስኮቱ ከፊታችሁ ይሁን። የጣሪያ መብራት አጥፉ፤ ከላይ የሚመጣ ብርሃን የሌለ ጉድጓድ ይፈጥራል። ስልኩን ሌላ ሰው ይያዝላችሁ፣ ወይም ዓይናችሁ ትክክል ላይ አስቀምጡት። ርቀቱ 1.5 ሜትር ያህል ይሁን። ለምን? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በ30 ሳንቲሜትር ርቀት የተነሳ ሰልፊ አፍንጫን ከ1.5 ሜትሩ ጋር ሲነጻጸር በ30 ከመቶ ገደማ አስፍቶ ያሳያል። ጉንጭ በገባበት ወቅት ይህ ሲጨመርበት ሰው ሳያስፈልገው አፍንጫውን ሊያሠራ ይነሳል። ሳትስቁ ፊት ለፊት ተነሱ። ግራና ቀኝ ጎን ተነሱ። ከዚያ አገጫችሁን ወደ ደረት ዝቅ አድርጋችሁ አንድ ጨምሩ፤ የአንገት ቆዳ እውነቱን የሚናገረው ያኔ ነው። በወር አንድ ጊዜ ይበቃል።

ሲጋራ የምታጨሱ ከሆነ አቁሙ። ሺሻም፣ ቬፕም እንደዚያው። ኒኮቲን የደም ሥር ያጠብባል፣ ቆዳው የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፣ ሲጋራ ራሱ ኮላጅን ይጎዳል። ባይፓስ ለምትሠሩ ደግሞ አዲሱ መገጣጠሚያ ላይ ቁስለት ያመጣል። ፊታችሁም ጨጓራችሁም የሚጠቀሙበት አንድ ነገር ካለ ይኸው ነው።

የደም ምርመራ አሠሩ፦ ብረት፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ፣ ፎሌት። ወፍራም ሰው ሁሉ በደንብ የተመገበ ይመስለናል። ቫይታሚን ዲና ብረት ጎድሏቸው ሰርጀሪ የሚገቡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከጎደለ ላይ ሲጎድል ደግሞ ፊት ላይ ቶሎ ይወጣል።

የጥርስ ሐኪምም ጎብኙ። በኋላ ማስመለስ ከመጣ አሲዱ ጥርስ ይበላል። የጎደለ መንጋጋ ጥርስ ደግሞ ጉንጭ ሲከሳ ይበልጥ ይታወቃል።

ሦስተኛ፦ የፊት የጊዜ ሰሌዳ

የመጀመሪያው ወር። በሆስፒታል ቀናት ከሚሰጠው ፈሳሽ የተነሳ ፊት ትንሽ ሊያብጥ ይችላል፣ ይሄዳል። ከዚያ መጀመሪያ የሚወርደው አብዛኛው ውሃ ነው። ፊት ቶሎ ቀለል ይላል።

ከአንድ እስከ ሦስት ወር። ጥሩው ጊዜ። አጥንት ብቅ ይላል፣ አገጭ ይለያል፣ ሰው "አማረብሽ" ይላል። ብዙዎች የፕሮፋይል ፎቷቸውን የሚቀይሩት በዚህ ጊዜ ነው።

ከሦስት እስከ ስድስት ወር። ፀጉር መርገፍ ይጀምራል። ሰውነት ከሰርጀሪውና ከፈጣኑ ክሳት የተነሳ ብዙ የፀጉር ሥሮችን በአንድ ጊዜ ወደ ማረፊያ ያስገባል፤ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ በማበጠሪያው በእፍኝ ይወጣል። ስለ ፊት እየተወራ ፀጉር ምን አገባው አትበሉ። የግንባር ዳር ሲሳሳ ግንባር ይሰፋል፣ የጎደጎደው የግንባር ጎን ይበልጥ ይጋለጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ውስጥ መልሶ ይበቅላል። ዓመት አልፎም ካልቆመ፣ ወይም ዘግይቶ ከጀመረ፣ ብረትን፣ ዚንክንና ፕሮቲንን አስመርምሩ።

ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወር። መጥፎው ወቅት። ኪሎው ገና እየወረደ ነው፣ ቆዳው አልደረሰበትም። ዓይን ሥር ይገባል፣ የመንጋጋ መስመር ይላላል፣ የምታውቋቸው ሰዎች "አመመህ እንዴ?" ይላሉ። ፊለር (የጎደለ ፊትን የሚሞላ መርፌ) ፍለጋ የሚኬደው በዚህ ጊዜ ነው፤ መኬድ የሌለበትም በዚህ ጊዜ ነው።

ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስምንት ወር። ኪሎ መውረዱ ይቆማል ወይም በጣም ይዘገያል። ቆዳ ቀስ ብሎ ጥቂት ይሰበሰባል። አመጋገብ ይስተካከላል፣ የቆዳ ቀለም ይመለሳል። በአሥራ ሁለተኛው ወር የተነሳችሁትን ፎቶ ከአሥራ ስምንተኛው ጋር አጠገብ ለአጠገብ ብታደርጉ፣ ኪሎው ብዙም ሳይለያይ ፊቱ የተለየ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ጥቂት ኪሎ መመለስ የተለመደ ነው። ጥቂቱ ፊትን ያለሰልሳል፤ ለዚህ ብሎ ሆን ብሎ መወፈር ግን ቂልነት ነው።

አራተኛ፦ በየቀኑ የሚሠራው

ፕሮቲን ይቅደም። የተለመደው ምክር በቀን ቢያንስ 60 ግራም ነው፤ ብዙ ሰው ከ60 እስከ 80 ባለው ውስጥ ይታዘዝለታል። ጨጓራችሁ ትንሽ ስለሆነ ሳህን ላይ ካለው መጀመሪያ ፕሮቲኑን ብሉ። ሌላው ከተረፈ ቦታ ይገባል። ፕሮቲን ሲጎድል ሰውነት ጡንቻውን ይበላል፣ ፀጉር ይረግፋል፣ ቆዳ ይሳሳል። የኮላጅን ዱቄት ለሚወዱ አንድ ነገር፦ ኮላጅን ትሪፕቶፋን የሚባለው አሚኖ አሲድ የለውም፣ ስለዚህ እንደ ሙሉ ፕሮቲን አይቆጠርም። ጠጡት ከወደዳችሁ፤ ከ60ው ግራም ውስጥ ግን አትቁጠሩት።

ውሃ በቀን ከ1.5 ሊትር ያላነሰ፣ በትንንሽ ጉንጭ። ከምግብ ጋር አትጠጡ፤ ከበላችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ቆዩ። ውሃ የጎደለው ፊት ዓይኑ ይገባል፣ ከንፈሩ ይደርቃል፣ ያልነበረ መስመር ያወጣል። ይህ ግን የሚስተካከል ነው።

ቫይታሚን ዕድሜ ልክ ነው። ተራው መልቲቫይታሚን ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ለዚህ ሰርጀሪ የተዘጋጀውን ሐኪም ያዛል። ካልሲየም በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊግራም፣ ተከፋፍሎ ይወሰዳል። የወር አበባ የምታይ ሴት ከ45 እስከ 60 ሚሊግራም ብረት ያስፈልጋታል። ብረትና ካልሲየም አንድ ላይ አይዋጡም፣ ይሻማሉ። ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑራቸው። ይህችን ትንሽ ነገር ሳያውቁ ለወራት ብረት እየዋጡ የገረጣ ፊት ይዘው የሚዞሩ አሉ።

"ቶሎ ልክሳ" ብላችሁ ከታዘዘላችሁ አሳንሳችሁ አትብሉ። በሳምንት ተጨማሪ የሚወርድ አንድ ኪሎ ፊት ላይ ይከፈልበታል።

ቆዳን በተመለከተ የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። ጠዋት ሰንስክሪን፣ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ። ፊትና አንገት ላይ በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ቀቡ፤ ውጭ ከሆናችሁ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙ። አንገትን የሚረሳው ሰው ብዙ ነው፣ መጀመሪያ የሚያሳጣውም አንገት ነው። ማታ ማለስለሻ ክሬም። ከዚያ ሬቲኖይድ፦ ትሬቲኖይን ወይም ሬቲኖል። ኮላጅንን እንደሚያነቃቃ በደንብ የተረጋገጠ የሚቀባ ነገር ይሄ ነው። በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ በአተር ፍሬ መጠን ጀምሩ፣ ቆዳው ሲለምድ ጨምሩ። ለእርጉዝ ሴት አይሆንም። ሲከሱ የማርገዝ ዕድል እንደሚጨምር አትርሱ፤ ከባይፓስ በኋላ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ በደንብ ላይመጠጥ ይችላል። ከሰርጀሪው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና እንዲዘገይ ይመከራል። ስለ መከላከያው ሐኪም አማክሩ።

የፊት ስፖርትስ? በየቪዲዮው ጉንጭ እየነፉ የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ። አይጎዳም፤ የላላ ቆዳ ግን በጡንቻ እንቅስቃሴ አይቆረጥም። ያን ሰዓት ክብደት ለማንሳት ብታውሉት ይሻላል። ፊትን ባያነሳም አካልን ያቆማል፣ ጀርባ ቀጥ ሲል ደግሞ አንገትም አብሮ ይቃናል።

ፊት ላይ የሚያርፉ ዕቃዎችንም እዩ። መነጽር ይላላል፣ አፍንጫ ላይ ይንሸራተታል። አርቴፊሻል ጥርስ ይንቀሳቀሳል። ሌሊት የአየር ግፊት መሣሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ጭምብሉ ከጎን አየር ማፍሰስ ይጀምራል፤ ጠዋት ዓይናችሁ ደርቆ ብትነሱ ጉንጩ ስለሄደ ጭምብሉ ሰፍቷችሁ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን አስቀይሩ፣ ግፊቱንም ሐኪም ያስተካክል። በራሳችሁ አታቁሙት።

አምስተኛ፦ ክሳት ያልሆነውን ክሳት ለዩ

በወር አንድ ጊዜ፣ ፎቶ ስትነሱ፣ ይህንንም አድርጉ። መስኮት አጠገብ የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣት ወደ ታች ሳብ አድርጉ። ውስጡ ቀይ መሆን አለበት። ነጣ ካለ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ምላሳችሁን አውጡ። ለስላሳና የሚያብረቀርቅ፣ ቅመም የሚያቃጥለው ከሆነ ብረት ወይም ቢ12 አስመርምሩ። የአፍ ጥግ መሰነጣጠቅም ከዚያው ወገን ነው። አፍና አፍንጫ ዙሪያ የሚላላጥ ቀይ ሽፍታ፣ ጣዕም ከማጣት ጋር፣ ዚንክን ያስጠረጥራል። ማታ ማታ ማየት ከከበዳችሁና ዓይን ከደረቀ ቫይታሚን ኤ ነው የሚታሰበው።

ከሳችሁ ሳለ ፊትና እግር ማበጥ ከጀመረ ደስ አይበላችሁ። "ፊቴ ሞላ" ያለ ሰው ፕሮቲኑ እጅግ ወርዶ ሊሆን ይችላል። በዚያው ሳምንት ሐኪም ያየው።

የዓይን ነጩ ቢጫ ከሆነ የሐሞት ጠጠር መንገዱን ዘግቶ ሊሆን ይችላል። በፍጥነት መክሳት የሐሞት ጠጠር ያመጣል፤ ብዙ ሐኪሞች ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ የሚያዙት ለዚህ ነው። ቢጫ ዓይን ከትኩሳትና ከሆድ ሕመም ጋር ሲመጣ አይታደርም።

አሁን ዋናው። ለቀናት ስታስመልሱ ቆይታችሁ ዓይን ሁለት ማየት ከጀመረ፣ የዓይን ብሌን ያለፈቃዱ ከተወዛወዘ፣ ስትራመዱ ከተንገዳገዳችሁ ወይም ነገር ከተምታታባችሁ፣ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት አንጎልን እየጎዳ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ውስጥ ይከሰታል። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ስትገቡም "የጨጓራ ሰርጀሪ ሠርቻለሁ፣ ሲያስመልሰኝ ነበር" በሉ። ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ቢ1 መሰጠት አለበትና ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ታድናለች።

ስድስተኛ፦ የሰው አፍ

አስተያየት ይመጣል። "ወፍራም ሳለሽ ታምሪ ነበር" የሚል አይጠፋም። ሰርጀሪውን ለማን እንደምትነግሩ ቀድማችሁ ወስኑ፤ የመናገር ግዴታ የለባችሁም። ለሚጠይቅ አጭር መልስ ያዙ፦ "ደህና ነኝ፣ በሐኪም ክትትል ነው የቀነስኩት።" እዚያ ላይ ቁሙ። ማብራራት ስትጀምሩ ክርክር ይሆናል።

መስታወት ውስጥ ያለውን ሰው ለመልመድ አእምሮ ጊዜ ይፈልጋል። ድንግርግሩ ወደ መብላት መፍራት ወይም ከሰው መሸሽ ከሄደ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መሄድ የክትትሉ አንድ ክፍል ነው።

ሰባተኛ፦ ማሠራት ከፈለጋችሁ

መጀመሪያ ሚዛኑ ይቁም። ክብደታችሁ ቢያንስ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ሳይንቀሳቀስ ይቆይ። ይህም ለአብዛኛው ሰው ከሰርጀሪው 12 ወይም 18 ወር በኋላ ይውላል። ከዚያ በፊት የሚሞላ ነገር ሁሉ በሚንቀሳቀስ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው፤ ፊቱ ገና እየተለወጠ ነውና።

ሁለት የተለያዩ ችግሮች እንዳሉባችሁ እወቁ፦ የጎደለ ሙላትና የተረፈ ቆዳ። መርፌ የጎደለውን ይሞላል፣ የተረፈውን አይቆርጥም። ሰው የሚበላሸው የላላ ቆዳን በፊለር ለመወጠር ሲሞክር ነው። ስድስት፣ ሰባት መርፌ ተወግቶ ቆዳው ይወጠራል፣ ፊቱ ግን ያበጠ ይመስላል። አሠሪውም ወጋሪውም ያን ጊዜ ያደንቁታል፤ መንገድ ላይ የሚያየው ሰው ግን ይገባዋል።

የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር ለዓይን ሥር፣ ለግንባር ጎንና ለጉንጭ ይውላል። እንደ ቦታውና እንደ ዓይነቱ ከግማሽ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ይቆያል። ትልቁ ጥቅሙ ካልተወደደ ሃያሉሮኒዴዝ በሚባል ኢንዛይም ሊሟሟ መቻሉ ነው። ትልቁ አደጋው ደም ሥር ውስጥ መግባቱ ነው፤ ድንገተኛ ከባድ ሕመም፣ የቆዳ መንጣት ወይም የዓይን መጨለም ከመጣ ሰዓት አይጠበቅም። የሚወጋችሁ ሰው ኢንዛይሙን ክፍሉ ውስጥ መያዙን ጠይቁ። ከሌለው ውጡ።

ኮላጅን የሚያነቃቁ መርፌዎችም አሉ። ፖሊ ኤል ላክቲክ አሲድ የተባለውን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 የፈቀደው ከኤችአይቪ ጋር ተያይዞ ፊታቸው ለከሳ ሰዎች ነበር፤ ስለዚህ ለዚህ ዓይነት ክሳት የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ውጤቱ የሚመጣው በወራት ነው፣ ከአንድ በላይ ቀጠሮም ይፈልጋል። ሊሟሟ አይችልም።

የራስን ስብ ከሌላ ቦታ ወስዶ ፊት ላይ ማስገባት ሌላው መንገድ ነው። ከሚገባው ስብ ከፊሉ ይመጠጣል። የቀረው ሕያው ነው፤ ስትወፍሩ ይወፍራል፣ ስትከሱ ይከሳል። ሚዛኑ ይቁም ያልኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የራዲዮ ሞገድና የአልትራሳውንድ ማሽኖች ቀለል ላለ ልልነት ትንሽ ይረዳሉ። 50 ኪሎ ለቀነሰ ሰው አንገት ግን ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ።

የተረፈ ቆዳ የሚነሳው በቢላ ነው፦ ፊትና አንገት ማንሳት። ጥሩ ሐኪም ቆዳውን ብቻ አይጎትትም፤ ከቆዳው ሥር ያለውን የጡንቻና የሽፋን ንጣፍ ያነሳና ያስራል። ማንሳት ስለማይሞላ ብዙ ጊዜ ስብ ማስገባት አብሮ ይሠራል። ከመግባታችሁ በፊት የደም መጠን፣ ፕሮቲን፣ ብረትና ቫይታሚኖች ይታዩ፤ በእጥረት ላይ የተሠራ ቁስል አይድንም። ኒኮቲን ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት መቆም አለበት፣ አለዚያ የተነሳው ቆዳ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል።

ሐኪሙን እነዚህን ጠይቁ፦ ብዙ ኪሎ የቀነሱ ሰዎች ፊት ሠርተዋል ወይ? ፎቷቸውን ከዓመት በኋላ ያለውን ያሳዩኛል? ደም ከቆዳ ሥር ቢጠራቀም ማን ነው ሌሊት የሚያየኝ? የፊት ነርቭ ጉዳት ደርሶባቸው ያውቃል? ባይፓስ የሠራችሁ ከሆነ ለሕመሙ የሚታዘዘው መድኃኒት አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ እንዳይሆኑ ቀድማችሁ ንገሩት።

እብጠቱና መበለዙ ለመሄድ ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ትክክለኛው ቅርጽ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ብዙ የቀነሰ ሰው ቆዳ የመለጠጥ አቅሙ ስለደከመ፣ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ጥቂት መልሶ ሊላላ ይችላል። ሐኪሙ ይህን ሳይነግራችሁ "ለዘላለም" ካለ ሌላ ሐኪም ፈልጉ።